ሻንጣው ስንት ኪሎ ሆነ?

ባለፈው እሁድ ከቀትር በኋላ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ወይራ ሰፈር፣ አንድ ጎረቤታችን ቤት ሻንጣ ሲዘጋጅ ዋልን። የተጠራነው ለጉልበት አልነበረም። ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀናል፤ በሰፈራችን ደንብ ደግሞ የተመረቀ ሰው ማለት ፎርም የሚሞላ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ መድኃኒት ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ማለት ነው። (ደመወዙ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እግዜር ይስጣቸው።) እናላችሁ፣ የቤቱ ትልቋ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ትሄዳለች። እናቷ ዕቃ እንዳይረሳ «ቁጭ በይና ጻፊልን» አሉን። እኛም ደብተር ይዘን ዱካ ላይ ተቀመጥን።

«መጀመሪያ በርበሬ ብለሽ ጻፊ።» ጻፍን። «ከሥሩ ሽሮ።» ጻፍን። ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የተቆላ ቡና፣ ያልተቆላ ቡና፣ ለገንፎ የሚሆን ቡላ፣ ትንሽ እጣን። ገጹ ሞላ። ልብ በሉ፣ እስካሁን አንድ ቀሚስ አልተጻፈም። ልጅቷ ጥግ ላይ ስልኳን እየነካካች ዝም ብላለች፤ ነገሩ የሷ ጉዞ ሳይሆን የበርበሬው ጉዞ ይመስል ነበር።

ይሄኔ ነው አክስቷ የተናገሩት። አክስቷ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርተው የተመለሱ ሴት ናቸው፤ ከሰዓቱ ጀምሮ በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ እንጂ አንድ ቃል አልወጣቸውም። «የፓስፖርቱን ኮፒስ የት አደረጋችሁት?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ኮፒ የሚባል ነገር አልነበረም።

ይህችን ጽሑፍ ያመጣት ያ ጥያቄ ነው። ቤታችን ገብተንም አልለቀቀን አለ። የኛ ሰው ለሥራ ከአገር ሲወጣ ሻንጣው ውስጥ ምን ይይዝ ነበር? ማንስ ያዘጋጀው ነበር? ስለ ስደት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሻንጣው ግን ብዙም ሲወራ አልሰማንም።

*

ወደ ኋላ ሄድ እንበል። በአያቶቻችን ዘመን ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ አብዛኛውም የሚሄደው ለትምህርት ነው። ቦሌ በ1950ዎቹ ሥራ ሳይጀምር በፊት አውሮፕላን የሚነሳው ከልደታ ሜዳ፣ ከኛው ከጦር ኃይሎች ብዙም ከማይርቅ ቦታ ነበር፤ ሰፈሩ ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል። ተሰናባቹ ተማሪ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ አንዳንዴም ቤተ መንግሥት ተጠርቶ ከንጉሡ አንደበት ምክር ሰምቶ ነው የሚሄደው። የሄደ ይመለሳል፤ የተመለሰ ይሾማል። እንግዲህ ያ ሻንጣ በመንግሥት ወጪ የተዘጋጀ፣ መመለሻውም የታወቀ ሻንጣ ነበር። ለጉልበት ሥራ የወጡት ሌሎች ነበሩ። በ1960ዎቹ ከአስመራና ከአዲስ አበባ ወደ ሮምና ሚላኖ ሄደው በጣሊያን ቤተሰቦች ቤት ያገለገሉ ሴቶች ነበሩ፤ ለእነሱ ግን ቤተ መንግሥት የሚጠራቸው፣ ምክር የሚሰጣቸውም አልነበረም።

ስለ ሻንጣ ካነሳን አይቀር፣ ኮልፌ የምትኮራበት አንድ ተጓዥ አላት። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ሊወስድ መጣ። ስድስት ወር ሊቆይ ነበር የታሰበው፤ ሁለት ወር ያህል እንደቆየ ጓዶቹ «ቶሎ ና» አሉት። ሲሰናበት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት፤ ይህን ራሱ ማንዴላ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። ሽኝት ማለት እንዲህ ነው! የኮልፌ ሰው እንግዳውን ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ያኔ ጥይት ነበር፣ ዛሬ በርበሬ ነው። ለጨዋታችን የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው። ማንዴላ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ተሰጥቶት ነበር፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ግን ዴቪድ ሞትሳማይ ይላል። በሰው ስም ተጉዞ አገሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ተያዘ፤ 27 ዓመትም ታሰረ። በሌላ ስም የተዘጋጀ ፓስፖርት ይዞ ከአዲስ አበባ መውጣትን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ከ30 ዓመት በኋላ የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ያንኑ አድርገዋል፣ ለነፃነት ትግል ሳይሆን ለእንጀራ።

በደርግ ጊዜ ሻንጣ ማዘጋጀት ራሱ አጠራጣሪ ሥራ ነበር። ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ያ ቪዛ ደግሞ እንደ ሎተሪ ነው። ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት የተላኩ ነበሩ፤ ኩባ የተላኩ ሕፃናትም ነበሩ። የቀረው ሰው የሄደው በእግሩ ነው፣ በመተማና በሌላ በኩል ሱዳን፣ ከካርቱም የተሳካለት ጅዳ። በሌሊት ድንበር የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ሻንጣ አይዝም። ያን ዘመን ያለፉ ሰዎች ስለ ጉዟቸው ሲያወሩ ስለ ጫማ ያወራሉ፣ ስለ ውኃ ያወራሉ፣ በወገባቸው ስለታሰረ ብር ያወራሉ። ሻንጣ የሚባል ቃል ግን ሲወጣቸው አልሰማንም።

*

ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። በ1983 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሊባኖስ የ15 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት አበቃ። በዚያው በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደርግ ወደቀ። አንዱ አገር ቤቱን ሊያጸዳና ሊያድስ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሌላው አገር በሩን ከፈተ። ሁለቱን ያገናኛቸው ማንም አስቦበት አይመስለንም፤ ግን ተገናኙ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ተጻፈ። የመውጫ ቪዛ ዘመን አለፈ፣ የደላላ ዘመን ገባ።

ቤይሩት ውስጥ ከኛ በፊት የስሪላንካና የፊሊፒንስ ሴቶች ነበሩ። እንዲያውም በሊባኖስ አፍ «ስሪላንካዊት» ማለት የቤት ሠራተኛ ማለት እስከመሆን ደርሶ ነበር፤ «የኔ ስሪላንካዊት ኢትዮጵያዊት ናት» የምትል እመቤት አለች ሲባል እንስቅ ነበር። አሁን አያስቅም። የኛ ሴቶች ደመወዝ ከፊሊፒንሶቹ ያነሰ ስለነበር ኤጀንሲዎች ወደዱን። በኛ በኩል ደግሞ ቤይሩት የአንድ ከተማ ስም መሆኗ ቀርቶ የሥራ ዓይነት ሆነች። «ቤይሩት ሄደች» ከተባለ ልጅቷ ዱባይም ትሁን ኩዌት ማንም አይጠይቅም።

ወደ ሳዑዲ ደግሞ የቆየ መንገድ ነበር፤ ዑምራ። ኮልፌ እስላሙ የበዛበት ሰፈር ነው፤ ለዑምራ የሚሄድ ሰው በእንባና በዱዓ ይሸኛል። ሻንጣው ውስጥ ቁርአን አለ፣ መስገጃ አለ። አንዳንዱ ሻንጣ ግን ከመስገጃው ሥር የሥራ ልብስ ነበረው። ዑምራው ሲያልቅ ቪዛው ያልቃል፤ ሰውየው ግን አይመለስም። ይህን የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እኛም የተናገርነው ዛሬ ምስጢርነቱ ስላለፈ ነው።

ክርስቲያኗ ልጅስ? እዚህ ላይ ነው ወደ ማንዴላ ፓስፖርት የምንመለሰው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመሄድ እስላም መሆን ይመረጣል ስለሚባል ብዙ ክርስቲያን ልጆች ስም ቀይረው ፓስፖርት አወጡ። አንዷ ሀያት፣ ሌላዋ ዘይነባ ሆነች። ለፎቶው ሂጃብ ያስተማሯት የግቢው እስላም ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ማተቧን ያወለቀችው በገዛ እጇ ነው። ከእናታችን ጓደኞች የአንዷ ልጅ ስትሄድ ማተቡ የተቀመጠው በጥጥ ተጠቅልሎ በቅባት ቆርቆሮ ክዳን ውስጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ፤ እኛ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስበናል። በሌላ ስም የሄደች ልጅ አንድ ነገር ብትሆን በየትኛው ስም ትፈለጋለች? ቤተሰቧ ኤምባሲ ቆሞ የሚጠራው ስም መዝገቡ ላይ የለም። ዕድሜም እንዲሁ ነው፤ 16 ዓመት የሆናት በቀበሌ መታወቂያ 22 ትሆናለች። ሻንጣ ማዘጋጀት ዕቃ መጨመር ብቻ አልነበረም፤ ራስን ቤት ጥሎ መሄድም ነበር።

*

የአክስትየውን ነገር እንጨርስ። የሄዱት በ1994 ዓ.ም. ነው፣ በ19 ዓመታቸው። አረብ አገር በረሃ ነው ተብለው ስስ ቀሚስ ብቻ ይዘው ሄዱ። ሊባኖስ ተራራ እንዳለው፣ ተራራው ላይ በረዶ እንደሚወርድ የነገራቸው አልነበረም። «ኮልፌ ሐምሌ ላይ ከሚበርደው ይበርዳል» ይላሉ። የገቡት ደግሞ ታኅሣሥ ነው።

በርበሬያቸውን ግን ይዘዋል። የዚያን ጊዜ በርበሬ እንዴት እንደሚዘጋጅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዛላው ከመርካቶ በርበሬ በረንዳ ተገዝቶ ይመጣል፣ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጠና አዳም ይደለዛል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ቅመሙ ተጨምሮበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ያስነጥሳል። የሳምንታት ሥራ ነው። እናቶች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በርበሬ ስለሚያስፈልግ ብቻ አይመስለንም። ልጅቷ ወዴት እንደምትሄድ አያውቁም፣ ማን ቤት እንደምትገባ አያውቁም፣ ውሉ በማያነቡት ቋንቋ ነው። በርበሬውን ግን ያውቁታል። ስለዚህ የሚያውቁትን ሠሩ።

ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ፓስፖርታቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ፤ ከዚያ ለአሠሪው ተሰጠ። ይህ የአንዲት ክፉ እመቤት ጠባይ አልነበረም፣ አሠራሩ ነው። ከፋላ ይባላል። ሠራተኛዋ በአገሩ የምትኖረው በአሠሪዋ ስም ነው፤ ከዚያ ቤት ከወጣች ሕገ ወጥ ናት። ቤት ሲገቡ ማዳም ሻንጣውን ከፈተችው። ልብሱን በላስቲክ አስራ ሰገነት ላይ አወጣችው፣ በርበሬውንና ሽሮውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጠችው። አክስትየው ይህን ሲናገሩ አይቆጡም፤ «ሽታው አስደንግጧት ነው፣ እኔም ብሆን» ይላሉ። የሚቆጡት ሌላ ነገር ላይ ነው። ከበርበሬው ከረጢት ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት፣ የአንዲት ቀድማ የሄደች የሰፈር ልጅ። እሷም አብራ ሄደች። «በርበሬውስ ይሁን» አሉ። ለአሥራ አንድ ወር ከሰው ጋር አማርኛ አላወሩም።

*

መንግሥት በዚህ ሁሉ ጊዜ የት ነበር? ፍትሐዊ ለመሆን እንሞክር። በ1990 ዓ.ም. የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ አዋጅ ቁጥር 104/1990 ወጣ። ኤጀንሲ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ዋስትና እንዲያስይዝ፣ ውል እንዲያስመዘግብ የሚያደርግ ሕግ ነው። በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 632/2001 ተተካ። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ገለጻ ይሰጣቸው ነበር፣ የጥቂት ሰዓታት። ለሁለት ዓመት ውል የጥቂት ሰዓት ገለጻ! የኛ ትምህርት ክፍል ለአንድ ዜና አጻጻፍ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሲያስተምረን ኖሯል፤ ያም ሆኖ ዜና መጻፍ አልቻልንም የሚሉን አሉ።

የኤጀንሲውን መንገድ የማይከተለው ደግሞ ይበልጥ ነበር። ደላላው የሰፈር ሰው ነው፤ አንዳንዴ የአክስት ባል፣ አንዳንዴ ቤይሩት ያለች ሴት ራሷ ቪዛ ልካ የምታስመጣ። መርካቶ መንገድ ላይ አረብኛን በአማርኛ ፊደል የምታስተምር ትንሽ መጽሐፍ ትሸጥ ነበር፤ «ነይ፣ ሂጂ፣ አጽጂ፣ አብስዪ» የሚሉት አሉባት። «አልችልም፣ አሞኛል» የሚሉት ቃላት ስንተኛው ገጽ ላይ እንደነበሩ ማስታወስ አቃተን።

በነገራችን ላይ፣ በሌላው ዓለም ለሥራ ጉዞ ሻንጣ ማዘጋጀት ፍጹም ሌላ ጨዋታ ነው። አውስትራሊያ ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሥራና የሽርሽር ቪዛ የሚባል ነገር አላት፤ መጀመሪያ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳና ለአየርላንድ ወጣቶች፣ በኋላ ለብዙ አገሮች። ወጣቱ ለአንድ ዓመት ይሄዳል፣ ፍራፍሬ ይለቅማል ወይ ቡና ቤት ይሠራል፣ ባገኘው ገንዘብ ባሕር ዳር ይዝናናል። አሠሪው ካልተመቸው ጥሎት ይሄዳል፤ ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ከእነዚያ አገሮች መካከል የለችም። የተጓዦቹን የዕቃ ምክር በኢንተርኔት አይተነዋል። የፀሐይ ክሬም ይዘህ ሂድ፣ ጥሩ ጫማ ይኑርህ፣ ዕቃ አታብዛ፣ የጎደለህን እዚያ ትገዛለህ ይላል። «እዚያ ትገዛለህ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም አልን። የኛ ልጅ ከቤት ወጥታ የምትገዛበት ቀን ያላት ለመሆኗ ማን ያረጋግጣል? የናቷ ሻንጣ የሚከብደው ለዚህ ነው። እናቲቱ ሱቅ እንደማይኖር አድርገው ነው የሚያዘጋጁት፣ አልተሳሳቱምም።

*

የመመለሻው ሻንጣ ሌላ ታሪክ ነው። የኛ ትውልድ የኮልፌ ልጆች ያን ሻንጣ እናውቀዋለን። ብርድ ልብሱ ትልቅ አበባ ያለበት፣ ሽቶው ጭንቅላት የሚያዞር፣ ሳሙናው የማይቀመጥ፣ ቸኮሌቱ የሚቆጠር። በሄደችበት ጊዜ የሰው ዕቃ እየመዘኑ የሚያሠቃዩት ኪሎዎች በመምጫዋ ተጨማሪ ተከፍሎባቸው ይመጣሉ። ሽሮ ሄዶ ብርድ ልብስ ይመጣል። የብዙ ቤት ቴሌቪዥን፣ የብዙ ቤት ቆርቆሮ፣ የብዙ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ሻንጣ ወጥቷል።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤይሩት የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 409 ከተነሳ ከደቂቃዎች በኋላ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። 90 ሰው ነበረበት፤ ማንም አልተረፈም። ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ ሊባኖሳውያንና ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ ሳምንት ልጅ ቤይሩት ያላቸው የሰፈራችን እናቶች ሁሉ ስልክ አጠገብ አድረዋል። እኛ ትንንሽ ልጆች ነበርን፤ የምናስታውሰው የስልክ ጥሪ ሲሰማ ግቢው ሁሉ እንዴት እንደሚቆም ነው።

መንግሥት ክፉ ወሬ ሲበዛ መከልከል ያውቃል። በ2000 ዓ.ም. ወደ ሊባኖስ መሄድ ተከለከለ፤ ልጆቹ ግን በሌላ አገር ዞረው ገቡ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ደግሞ ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድ በሙሉ ታገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ መጀመሪያ ከተገመተው በብዙ እጥፍ። ቦሌ ላይ በላስቲክ ጫማ የወረዱ፣ ፌስታል ብቻ የያዙ፣ ያንንም ያልያዙ ነበሩ። ዓመታት የለፉበት ዕቃቸው እዚያው ቀረ።

እገዳው ሲመጣ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር፣ እውነቱን እንናገር። ቢያንስ መሄዱ ቆመ ብለን። አልቆመም። የቆመው በሻንጣ መሄዱ ነው። ቦሌ ሲዘጋ በጅቡቲ ኦቦክ፣ በቦሳሶ፣ በጀልባ የመን የሚደርሰው መንገድ ሞላ፤ የመን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ በኋላም መንገዱ አልቆመም። በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያዘጋጀው ጄሪካን ውኃ፣ ብስኩትና ልብስ ውስጥ የተሰፋ ስልክ ቁጥር ነው። ለዚህ ነው እኛ የአንድ ዘመን ነገር ክፉ ይሁን ደግ በሻንጣው መጠን የምንለካው፤ ሻንጣው ሲያንስ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ይህ መለኪያ አልሳተንም።

በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923/2008 መጣ። 18 ዓመት የሞላት፣ 8ኛ ክፍል የጨረሰች፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያላት፣ ስምምነት ወደተፈረመበት አገር ብቻ ትሄዳለች አለ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሳ። ያኔ ነው ሻንጣ ማዘጋጀት ትምህርት ቤት የገባው። የአልጋ አነጣጠፍ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ቫኪዩም ክሊነር፣ የሕፃን አያያዝ። በቀልድ መልክ እንናገረው እንጂ ትልቅ ነገር ነው፤ ማሽን ነክታ የማታውቅ ልጅ ማሽኑን ባበላሸች ቁጥር ከደመወዟ ሲቆረጥባት ኖሯልና። ግን ሥልጠናው በብዛት ያስተማራት አሠሪዋ የሚፈልገውን ነው። ለራሷ የሚያስፈልጋትን ለመማር የቀራት ሰዓት ትንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም ስላየነው ብዙ አንልም። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲገባ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው መኪና ላይ ጭነው ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ አራገፏቸው። ሻንጣዎቹ በግድግዳው ሥር ተደርድረው፣ ሴቶቹ ላያቸው ላይ ተኝተው የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞረ። ሐምሌ 28 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። በ2014 ዓ.ም. ከሳዑዲ እስር ቤቶች ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ለመመለስ ዘመቻ ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በየወረዳው ለሳዑዲ የሚሄዱ የቤት ሠራተኞች ይመዝገቡ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በአንድ እጅ እየመለሱ በሌላው መላክ። ከኛ ጋር የተመረቁ ልጆችም ማስታወቂያውን አንብበዋል። አንዷ «ዲግሪሽን ሻንጣ ውስጥ ትከቺዋለሽ ወይስ ቤት ትተዪዋለሽ?» ብላ ጠይቃናለች። መልስ አልነበረንም፤ እሷ ትታው ሄደች።

*

እሁድ ወደነበርንበት ቤት እንመለስ። ከአክስትየው ጥያቄ በኋላ ደብተራችን ላይ አዲስ ገጽ ገለጥን። ይህኛውን ያጻፉን እሳቸው ናቸው። የፓስፖርቱና የውሉ ኮፒ ሦስት ቦታ ይሁን፤ አንዱ እናት ጋ፣ አንዱ ስልክ ውስጥ በፎቶ፣ አንዱ ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ ተሰፍቶ። ሪያድ ያለው ኤምባሲና ጅዳ ያለው ቆንስላ ስልካቸው በቃል ይጠና። «በወረቀት አይደለም፣ በቃል» አሉ፤ ልጅቷም እንደ ፊደል ቆጣሪ ደጋግማ ተለማመደችው። የአሠሪው ሙሉ ስምና ከተማው እናቲቱ ዘንድ ተጽፎ ይቀመጥ። ሹራብ ይግባ፤ አረብ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣው ከውጭው ሙቀት ይልቅ ያሳምማል።

ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «በስምሽ የባንክ ደብተር ክፈቺ» አሉ። «በስምሽ። በናትሽም፣ በወንድምሽም፣ በማንም አይደለም።»

እዚህ ላይ አንባቢ የማያውቀው ነገር አለ። የተቀመጥንባት ክፍል የተሠራችው በአክስትየው የቤይሩት ገንዘብ ነው። ሰባት ዓመት ለወንድማቸው ልከው ሲመለሱ ያገኙት ይህችን ክፍልና አንድ ቴሌቪዥን ነው፤ ክፍሏ ውስጥ ደግሞ ወንድማቸው ባለትዳር ሆነው ጠበቋቸው። እናቲቱ አቀርቅረው የበርበሬውን ከረጢት አፍ በክር ማሰር ጀመሩ። ክሩን ሁለት ጊዜ አሰሩት። በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ጻፊው» አሉን። ጻፍነው።

ሲመሽ ሻንጣውን ተሸክመን ጥግ ወዳለው እህል ቤት ወሰድነው፤ ሚዛን ያለው እሱ ጋ ነው። ባለ ሱቁ ሊያስከፍለን አልፈለገም፤ የሱም እህት ኩዌት ናት። ከተፈቀደው ሦስት ኪሎ ተርፏል። ሚዛኑ ላይ እንደቆመ ተከፈተ፤ እናቲቱ አዲሱን ጫማ አወጡ፣ ልጅቷ ጫማውን መልሳ አስገባች፤ አክስትየው ደግሞ ምንም ሳይናገሩ የበርበሬውን ከረጢት አንስተው ግማሹን በባለ ሱቁ ፌስታል ገለበጡና ለእናቲቱ ሰጧቸው። ሹራቡ ተጣጥፎ ክፍቱን ቦታ ሞላው። ባለ ሱቁ ሚዛኑን አየና «አሁን ልክ ነው» አለ። ኮፒው ሰኞ ጠዋት ጦር ኃይሎች ፎቶ ኮፒ ቤት ይነሳል፤ እኛ ነን የምንወስደው።